የፍሬን ፔዳሉ ይሰምጣል፣ መሬት ላይ ግን ጠብታ የለም

ጥያቄው፦ ሰላም ጋሼ። መኪናዬ ከ30 ዓመት በላይ ዕድሜ አላት። ፊቷ ዲስክ፣ ኋላዋ ታምቡር ነው። ኤቢኤስ የላትም። መብራት ላይ ቆሜ ፍሬኑን ቀለል አድርጌ ስይዝ ፔዳሉ ቀስ እያለ ይሰምጣል፤ ወለል ሊነካ ምንም አይቀረው። ለቅቄ ስረግጠው ተመልሶ ከላይ ይይዛል። በድንገት በኃይል ስረግጥ ደግሞ ደህና ትቆማለች። መሬት ላይ ጠብታ አላየሁም። የፊት ሸራ ቀየርኩ፣ ለውጥ የለም። አየር ገብቶ ነው ተብዬ ሁለት ጊዜ አየር ወጣለት፣ እንዲያውም ባሰበት። አንዱ መካኒክ ሰርቮው ነው ይላል፣ ሌላው ማስተሩ ነው ይላል። ገንዘቤን የቱ ላይ ላውጣ?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት ቁልፉን ስቀለው። ይህች መኪና እስክትጣራ ድረስ ከግቢ አትውጣ። ሁለተኛው ርግጫ እስካሁን ይዞልሃል። ለሁለተኛ ርግጫ የሚሆን ጊዜ ግን ሁልጊዜ አይገኝም።

አሁን ወደ ጉዳዩ። መካኒኮቹ ማስተር የሚሉት ፔዳሉ ሲረገጥ የፍሬን ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋውን ሲሊንደር ነው፤ ሰርቮ የሚሉት ደግሞ ከኋላው ሆኖ የእግርህን ጉልበት የሚያግዘውን ነው። ሳታውቀው ምርመራውን ግማሽ መንገድ አድርሰኸዋል። «ቀለል አድርጌ ስይዝ ይሰምጣል፣ በኃይል ስረግጥ ይይዛል» ያልካት ነገር ለእኔ ከግማሽ ቀን ፍተሻ ትበልጣለች። ለምን እንደሆነ ላስረዳህ። ምክንያቱ ከገባህ ሁለተኛ ማንም በግምት ዕቃ አያስገዛህም።

ብዙ ሰው የተለያዩ ሕመሞችን በአንድ ስም ይጠራል። «ፍሬኔ ይገባል» ይላል፣ በቃ። ፔዳሉ ዝቅ ብሎ የሚይዝ ከሆነ፣ ግን እዚያው ከቆመና ሲደጋገም ከፍ ካለ፣ አብዛኛውን ጊዜ የኋላው ሸራ ከታምቡሩ ርቋል ማለት ነው። ማስተካከያው ዝጎ ተጣብቆ ይሆናል። ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ የሚለመጥ ከሆነ አየር አለ፣ ወይም የጎማ ቱቦዎቹ አርጅተው ሲረገጥ ይነፋሉ። ያንተ ከሁለቱም ይለያል። እግርህ ሳይጨምር፣ ሳይቀንስ፣ ፔዳሉ ብቻውን ቁልቁል ይሄዳል። አየር እንዲህ አያደርግም። አየር ይታመቃል፣ ታምቆም ይቆማል። ሃያ ሰከንድ ሙሉ እየታመቀ የሚሄድ አየር አላውቅም።

የፍሬን ዘይት ደግሞ አይታመቅም ማለት ይቻላል። ፔዳሉን ከፍ አድርጎ የያዘው በቧንቧው ውስጥ የታሰረው ዘይት ነው። ፔዳሉ ከወረደ ዘይቱ ከታሰረበት እየወጣ ነው። የሚወጣበት ደግሞ ሁለት ቦታ ብቻ ነው። ወይ ወደ ውጭ ይፈሳል፣ ወይ ማስተሩ ውስጥ በጎሚኒው፣ ማለትም ዘይቱን በሚያግደው የጎማ ማሸጊያ፣ ጎን ሾልኮ ወደ መጣበት ማጠራቀሚያ ይመለሳል። ሥራችን የትኛው እንደሆነ መለየት ነው። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

እስቲ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። የፔዳሉ ዘንግ የእግርህን ጉልበት ያባዛል፣ በምላሹ ርቀት ይቀንሳል። አምስት እጥፍ ያባዛል እንበል። ፔዳሉ 5 ሴንቲ ሜትር ሲሰምጥ ማስተሩ ውስጥ ያለው ፒስተን የሚሄደው 1 ሴንቲ ሜትር ነው። የማስተሩ የውስጥ ስፋት 22 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ያቺ 1 ሴንቲ ሜትር ወደ 4 ሚሊ ሊትር ዘይት ትይዛለች። ከአንድ የሻይ ማንኪያ ትንሽ ያነሰ ነው። ትንሽ ይመስላል። ግን መብራት ላይ ሃምሳ ጊዜ ብትቆም ወደ 200 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ አንድ ብርጭቆ ማለት ነው። ይህን ያህል ዘይት ወደ ውጭ ቢሄድ ማጠራቀሚያው ባዶውን በቀረ ነበር።

ስለዚህ ኮፈኑን ክፈትና የዘይቱን ልክ ማጠራቀሚያው ላይ በቀለም ወይም በፕላስተር ምልክት አድርግ። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ማን እንደጨመረበትም አስታውስ። ልጠይቅህ፦ ዘይት እየጨመርክ ነው? በጥያቄህ ውስጥ አላነሳኸውም። ካልጨመርክና ልኩ ካልወረደ ዘይቱ የትም አልሄደም። ዞሮ ቤቱ ገብቷል። ያ ማለት ማስተሩ ነው። እየጨመርክ ከሆነ ግን ጠብታ አለማየትህ አያሳምነኝም፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

አሁን ያቺን «ቀለል አድርጌ» ያልካትን ነገር እንያት። ማስተሩ ውስጥ ያለው ጎሚኒ ድፍን ቀለበት አይደለም። ትንሽ ጽዋ ይመስላል፤ ጠርዙ እንደ ከንፈር ቀጭን ነው። አፉ ግፊቱ ወደሚመጣበት ያያል። በኃይል ስትረግጥ የዘይቱ ግፊት ራሱ ጽዋው ውስጥ ገብቶ ከንፈሩን ከፍቶ ግድግዳው ላይ ይለጥፈዋል። ስለዚህ የደከመ ጎሚኒም ቢሆን ይይዛል። ቀለል አድርገህ ስትይዝ ግን የሚለጥፈው ጉልበት የለም። ከንፈሩ ከደረቀ፣ ከተበላ፣ ወይም ግድግዳው በዝገት ከተነቀሰ ዘይቱ በዚያች ክፍተት ቀስ እያለ ይሾልካል። የቧንቧ ቀዳዳ እንዲህ አይመርጥም። ቀዳዳ ላይ ግፊት በጨመርክ ቁጥር የሚወጣው ዘይት ይበዛል፤ ፔዳሉም በፍጥነት ይወርዳል።

ለዚህ ነው አንዳንዱ መካኒክ መኪናህን ተቀብሎ፣ በሙሉ ክብደቱ ረግጦ፣ «ምንም የለውም» ብሎ የሚመልስልህ። ውሸቱን አይደለም። እሱ ሲረግጠው በእውነት ምንም የለውም።

እንግዲህ ሙከራውን እንዲህ ሥራው። ሜዳ ቦታ ላይ አቁም፣ ጎማዎቹን በታኮ ያዝ። ሞተሩን አጥፋ። ፔዳሉ እስኪደድር አምስት ስድስት ጊዜ ርገጥ፤ ሰርቮው ውስጥ የቀረው ባዶ ግፊት እንዲያልቅ ነው። ከዚያ በጫማህ ጫፍ ብቻ፣ መብራት ላይ እንደምታደርገው፣ ያዝና አንድ ደቂቃ ቆይ። ዓይንህን አትመን፤ ፔዳሉ አጠገብ ማስመሪያ ወይም ምልክት ያለው እንጨት አቁም። ቀጥሎ መካከለኛ ግፊት፣ ቀጥሎ በኃይል። ቀለል አድርገህ ስትይዘው የሚሰምጥ፣ በኃይል ስትረግጠው የሚቆም ከሆነ ማስተር ነው የምልህ እጄን በልብሴ ሳልጠርግ ነው። ጉልበት ስትጨምር እየፈጠነ የሚሰምጥ ከሆነ ግን መኪናው ሥር ግባና ፍሳሽ ፈልግ።

ሞተሩን አጥፍተህ መሞከርህ ሌላም ነገር ይነግርሃል። ሞተር ጠፍቶ፣ ባዶ ግፊቱ አልቆ ፔዳሉ ከሰመጠ ሰርቮው ነፃ ወጣ። በዚያች ሰዓት እኮ ሰርቮው ሥራ ላይ የለም። ሰርቮ ጉልበት ያግዛል እንጂ ዘይት አይዝም። ሲበላሽም ብዙውን ጊዜ የሚያመጣው ፔዳሉ እንደ ድንጋይ መደደሩን ነው፤ መስመጡን አይደለም። ሰው ለምን ሰርቮ እንደሚል ግን ይገባኛል። ፔዳሉን ረግጠህ ይዘህ ሞተሩን ብታስነሳ ትንሽ ዝቅ ይላል። ያቺ ዝቅታ የጤና ምልክት ናት፤ ሰርቮው መሥራት ጀመረ ማለት ነው። ዝቅ ብሎ ከቆመ ተወው። ሞተሩ በሚኒሞ (ጋዝ ሳትሰጥ) እየሠራ ይዘኸው መውረዱን ከቀጠለ ያ የእኛ ጉዳይ ነው።

አየር ከወጣለት በኋላ ለምን ባሰበት? ይሄ ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ነገር ነው፤ እኔም ወጣት ሳለሁ የሰው መኪና ላይ አድርጌዋለሁ። ፒስተኑ ለዓመታት የሚመላለሰው በማስተሩ የመጀመሪያ ክፍል ላይ ብቻ ነው። ያ ቦታ እንደ መስታወት ይለሰልሳል። ከዚያ ወዲያ ያለው ጎሚኒ የማይደርስበት ክፍል ግን ውኃ የጠጣ ዘይት ተኝቶበት ይዝጋል፣ ይሻክራል። አየር ሲወጣ አንዱ ቁጭ ብሎ «ርገጥ! ያዝ! ልቀቅ!» እየተባለ ፔዳሉን እስከ ወለል ይደፋዋል። ያኔ ያረጀው ከንፈር በዚያ ሻካራ ግድግዳ ላይ ይጎተታል። ምላጭ ላይ እንደመሄድ ነው። አንዴ ከተተለተለ ተመልሶ አይገጥምም። የከፈትኳቸው አሮጌ ማስተሮች ብዙዎቹ ውስጣቸው ላይ ይህ ድንበር በዓይን ይታያል፦ ከዚህ ወዲህ ብሩህ፣ ከዚህ ወዲያ ቡናማ ነጠብጣብ። ስለዚህ በአሮጌ መኪና አየር ስታስወጣ ፔዳሉ ሥር ጣውላ አስቀምጥ፤ ወለል እንዳይደርስ። ሁለት ጊዜ የተደረገልህ ነገር ደካማውን ማስተር ገፍቶ ጣለው ብዬ እጠረጥራለሁ።

ይህን ሁሉ ብዬም ማስተር ሂድና ግዛ አልልህም። ገና አንድ ሰዓት የመፈተሽ ሥራ አለህ።

ፍሳሽ የሚደበቅባቸውን ቦታዎች እይ። ከማስተሩ ጀርባ፣ ከሰርቮው ጋር የሚጋጠምበትን ቦታ በጨርቅ ጥረገው። የፍሬን ዘይት ቀለም ይበላል። ሰርቮው ላይ ከማስተሩ በታች ቀለሙ ተቀርፎ የዛገ ሰንበር ካለ የኋለኛው ጎሚኒ ሲያስፈስስ ኖሯል። አንድ ጊዜ «ዘይት ይጎድላል፣ ጠብታ ግን የለም» የተባለች መኪና መጣችልኝ። አራቱንም ጎማ ፈታሁ፣ ቧንቧውን በእጄ ዳሰስኩ፣ ምንም የለም። በመጨረሻ ማስተሩን ከሰርቮው ሳላቅቀው ሰርቮው ውስጥ ግማሽ ብርጭቆ የሚሆን ዘይት ተኝቶ አገኘሁ። ሁለት ዳዶ ፈትቼ ማየት የምችለውን ነገር ግማሽ ቀን ፈለግሁት። ጠብታ የለም ስትለኝ ቶሎ የማላምነው ለዚህ ነው።

የኋላ ታምቡሮቹንም አውልቅ። ውስጥ ያለችው ትንሽ ሲሊንደር በሁለቱም ጫፍ የአቧራ መከላከያ ጎማ አላት። ጠርዙን በጥንቃቄ ገለጥ አድርግ። ትንሽ ወዝ ችግር የለውም፤ ዘይት ከተጠራቀመ ግን አልቃለች። የረጠበ ሸራም አይታጠብም፣ ይቀየራል፤ ያውም ግራና ቀኙ አንድ ላይ። ያየኸው እርጥበት የፍሬን ይሁን የካምቢዮ ዘይት ካልለየህ ጠብታውን ውኃ ላይ ጣል። ተራው የፍሬን ዘይት ውኃ ውስጥ ይቀልጣል። የካምቢዮ ዘይት ይንሳፈፋል፣ ሽታውም ይለያል።

የብረት ቧንቧዎቹ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚዝጉት ሻንሲው ላይ የሚይዛቸው ክሊፕ ሥር ነው፤ ጭቃ እዚያ ያድራል። የጎማ ቱቦዎቹን አጥፈህ ስንጥቅ ፈልግ። መኪናህ ማኑዋል ከሆነችና ፍሪሲዮኑ ከዚያው ማጠራቀሚያ የሚጠጣ ከሆነ የፍሪሲዮኑን መስመርም እይ። እዚያ የሚፈስ ዘይት ፔዳሉን በቀጥታ አያሰምጠውም፤ ማጠራቀሚያውን አጉድሎ አየር ሲያስገባ ነው ጣጣው።

ክዳኑን ስትከፍት የክዳኑን ጎማ ልብ በል። አብጦ፣ ተንጨፍርሮ፣ አልመለስም ካለህ አንድ ሰው የሞተር ዘይት ወይም የመሪ ዘይት ጨምሮበታል። ያ ከሆነ ማስተር ብቻ መቀየር ከንቱ ነው። ከማስተሩ እስከ አራቱ ጎማ ያለው የጎማ ነገር በሙሉ ተመርዟል፤ ሁሉም ይወጣል፣ ቧንቧውም ይታጠባል። እንደ አንዳንዶቹ አሮጌ ሲትሮኤኖች ከፋብሪካው አረንጓዴ የማዕድን ዘይት የሚጠቀሙ አሉ፤ ለእነሱ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፣ መርዛቸው ተራው የፍሬን ዘይት ነው።

ውጭው ሁሉ ደረቅ ከሆነ የመጨረሻው ፍርድ ሰጪ ሙከራ ይኸውልህ። ከማስተሩ የሚወጡትን ቧንቧዎች ፈትተህ መውጫዎቹን በድፍን ቡሎን ትዘጋለህ። ልኩና የጥርሱ ዓይነት ትክክል መሆን አለበት፣ ጫፉም ከመቀመጫው ጋር የሚገጥም ይሁን። ያለበለዚያ ራሱ ያፈስና ያሳስትሃል። ውስጡ የቀረውን አየር ካስወጣህ በኋላ ፔዳሉን ርገጥ። አሁን ማስተሩ ብቻውን ነው። ዘይት የሚሄድበት ሌላ ቦታ የለም። ፔዳሉ ከላይ እንደ ግድግዳ ከቆመ፣ ቀለል ስታደርገውም ከቆመ፣ ማስተሩ ጤነኛ ነው፤ ጥፋቱ ከታች ነው። ከሰመጠ ግን ክርክሩ አለቀ።

አንዳንዱ መካኒክ በዚህ ፈንታ የጎማ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ በመያዣ ይቆነጥጣል። የተቆነጠጠው ሲዘጋ ፔዳሉ ከቆመ ጥፋቱ በዚያ ጎማ ነው። ሐሳቡ ልክ ነው። ግን 30 ዓመት የሞላው ቱቦ በፒንሳ ሲቆነጠጥ ውስጡ ይሰነጠቃል፤ ለአዲስ ቱቦ ቢሆን እንኳ ጠርዙ ክብ የሆነ ልዩ መያዣ ያስፈልጋል። እኔ አሮጌ መኪና ላይ አላደርገውም።

ወለል ሊነካ ይደርሳል ስላልከው አንድ ነገር ልጨምር። የመኪናህ ማስተር ባለ ሁለት ክፍል መሆኑ አይቀርም፤ አንድ መስመር ቢያልቅ ሌላው ግማሽ ፍሬን እንዲያተርፍ ነው። የአንዱ ክፍል ጎሚኒ ብቻ ቢደክም ፔዳሉ መንገዱን በከፊል ወርዶ ይይዝ ነበር። እስከ ታች መውረዱ የሁለቱም እንደደከመ ያስጠረጥረኛል። አንድ መስመር ብቻ ያላቸው በጣም አሮጌ መኪኖች ግን ይህ መጠባበቂያ የላቸውም። እዚያ ሲጠፋ ሁሉም ነው የሚጠፋው።

ማስተሩ መሆኑ ከተረጋገጠ፣ ጎሚኒ ብቻ ልቀይር ወይስ ሙሉውን? ሙሉውን ብታገኝ ሙሉውን። አዲስ ጎሚኒ በተነቀሰ ግድግዳ ላይ ወር አይቆይም። የብረት ማስተር ከሆነና ጭረቱ በጥፍር የማይያዝ ከሆነ ቀስ ብሎ ማለስለስ ይቻላል። አሉሚኒየም ከሆነ አትንካው፤ ግድግዳውን የሚጠብቀው ቀጭን ሽፋን ነው፣ እሱን ከፋቅከው ጨረስከው።

አዲሱን ከመግጠምህ በፊት በጊራ (ዕቃ ቆልፎ በሚይዝ መሣሪያ) ላይ አስረህ በዘይት ሙላውና አየሩን አስወጣ። ይህን የዘለለ ሰው መኪናው ላይ ሰዓታት ይታገላል፣ ከዚያ አዲሱን ዕቃ ይሳደባል። ሰርቮውን ከማስተሩ የሚያገናኘው ዘንግ ልኩ ይጠበቅ። ከረዘመ ፒስተኑ ሙሉ በሙሉ አይመለስም፤ ዘይቱ ታስሮ ይቀርና ፍሬኑ እየያዘ ይሞቃል። የኋላውን ሸራ ወደ ታምቡሩ አስጠጋ። የአየር ማስወጣቱን ቅደም ተከተል ከመኪናህ መጽሐፍ እይ፤ መስመሩ የተከፈለበት መንገድ ይለያያልና ሁልጊዜ ከሩቁ ጎማ አይጀመርም።

ዘይቱ ከታሸገ ዕቃ ይሁን። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት ዓይነት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፤ ውኃ ሲጠጣ ግን መመዘኛው ራሱ ወደ 140 ይወርዳል። ዶት 4 ከ230 ወደ 155። ሁለቱም ከአየር እርጥበት ይጠጣሉ። ማስተርህን ያዛገውም ያው ውኃ ነው። ዶት 5 የሚባለው የሲሊኮን ዘይት ግን ሌላ ነገር ስለሆነ ከእነዚህ ጋር አይደባለቅም።

በመሀል መንገድ ላይ ቢሰምጥብህ ፔዳሉን ቶሎ ቶሎ ርገጥ፣ ማርሽ ቀንስ፣ የእጅ ፍሬኑን መልቀቂያውን ተጭነህ ይዘህ ቀስ በቀስ ሳብ። ሞተሩን አታጥፋ።

ሥራው ካለቀ በኋላ ያችኑ የጫማ ጫፍ ሙከራ ድገማት፤ ሞተር ጠፍቶ አንድ ደቂቃ፣ ሞተር በርቶ አንድ ደቂቃ። ማስመሪያው ላይ ምንም ካልተንቀሳቀሰ እዚያው ግቢ ውስጥ በእርምጃ ፍጥነት ንዳትና አቁማት። ማታ የፈታሃቸውን መጋጠሚያዎች ሁሉ አድርቀህ በነጭ ሶፍት ጠቅልላቸው። ጠዋት ሶፍቱ ደረቅ ከሆነ ቁልፉን ከተሰቀለበት አውርድ።